ከዲሲ ወደ ፊንገር ሌክስ በመኪና፦ ለሁለት ሰው አንድ ሐይቅ ይበቃል

ሜሪላንዷ

ሰላም ለሁላችሁ። «ልጆቹን ለአያቶቻቸው ትተን ለሁለታችን ብቻ የት እንሂድ?» የሚል ጥያቄ እዚህ ደጋግሞ ይነሳል። መልሱ ሁሌም ኒያጋራ ነው፤ ካልሆነ ካንኩን። እኔና ባለቤቴ በመስቀል ሰሞን ፊንገር ሌክስ ሄደን ነበር። ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ነው፤ ትልቁ ከተማ ሳይሆን ላይኛው ገጠር። ሐይቅና የወይን እርሻ ጎን ለጎን ያለበት አገር ነው። ለሚያስብበት ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

መንገዱ ቀላል ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በፍሬድሪክ አድርጋችሁ ሩት 15ን ትይዛላችሁ። ከዚያ ጌቲስበርግ፣ ሃሪስበርግ፣ ዊልያምስፖርት። ከሃሪስበርግ በላይ መንገዱ የሳስኳሃና ወንዝን ተጠግቶ ይሄዳል። ያ ክፍል የመንዳቱን ድካም ይክሳል። ኮርኒንግ ስትደርሱ ኒውዮርክ ገብታችኋል። ካልቆማችሁ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ግን ከሐበሻ ማን ሳይቆም ይነዳል?

ሐይቆቹ 11 ናቸው። ሁሉም ቀጭንና ረጅም፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ። ሸለቆዎቹን የቦረቦረው የበረዶ ዘመን ግግር ነው። የወይን ጠጅ ቤቶች የሚበዙት በሴኔካ፣ በካዩጋና በኪዩካ ዙሪያ ነው።

ምክሬ አንድ ነው፦ አንዱን ሐይቅ ብቻ ምረጡ። ሦስቱንም በአንድ ቅዳሜና እሁድ ልጨርስ የሚል ሰው ጊዜውን መኪና ውስጥ ነው የሚጨርሰው። ምክንያቱም መሀል ላይ ድልድይ የለም። ማዶ ያለውን ቤት በዓይናችሁ እያያችሁት፣ እዚያ ለመድረስ ሐይቁን መዞር አለባችሁ። የሴኔካ ርዝመት ብቻ 61 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስቡት።

እኛ የመረጥነው ሴኔካን ነው። በምዕራብ ዳርቻው ሩት 14፣ በምስራቁ ደግሞ ሩት 414 ይሄዳል። እኔ ምስራቁን ወድጄዋለሁ። ሄክተር የምትባለዋ መንደር አካባቢ እርሻው ተዳፋት ላይ ሆኖ ቁልቁል እስከ ውሃው ይወርዳል። ሰዎቹ ያንን አካባቢ «የሙዝ ቀበቶ» ይሉታል። ሙዝ የሚባል ነገር የለም፤ ከሌላው ቦታ ሞቅ ስለሚል ነው። የሐይቁ ጥልቀት 188 ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ውሃ በበጋ የያዘውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፣ በክረምትም እምብዛም በረዶ አይሆንም። በጸደይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ውሃው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ዳርቻውን ያቀዘቅዘዋል፤ የወይኑ ቡቃያም ውርጩ ሳያልፍ ለመውጣት አይቸኩልም። ባይሆን ኖሮ እንደዚያ በረዶ በሚወርድበት አገር ወይን ማን ይተክል ነበር?

የአካባቢው ንጉሥ ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን ነው። ጣፋጭ ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም ዓይነት ይሠሩታል። ብዙዎቹ ጠርሙሶች ከጀርባቸው ላይ ከደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭ ካልሆነው፣ እስከ ጣፋጭ የሚያሳይ መስመር አላቸው፤ ምልክቱ የት ላይ እንደሆነ አይታችሁ ትገዛላችሁ። ይሄ ነገር ለኛ ሰው ትልቅ ውለታ ነው።

አንድ ቤት ውስጥ የምትቀዳልን ሴትዮ ዓመታት የቆየ ሪዝሊንግ አመጣች። ባለቤቴ አፍንጫውን ወደ ብርጭቆው አስጠጋ። ራቅ አደረገው። እንደገና አሸተተና በአማርኛ «ይሄ ነጭ ጋዝ ነው እኮ» አለኝ። ሳቄን ለመያዝ ስታገል ሴትዮዋ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። አፍሬ ነገርኳት። ደስ አላት እንጂ! ሪዝሊንግ ሲያረጅ የሚያመጣው ሽታ ነው፣ ለዚያ ብለው የሚያስቀምጡት ሰዎች አሉ አለችን። ባለቤቴ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ራሱን የወይን ባለሙያ አድርጎ ሾሟል። አሁን ቤት ውስጥ ውሃም ሳይቀር አሽትቶ ነው የሚጠጣው።

ለቅምሻ በአንድ ሰው ከ10 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ያስከፍላሉ። አራት አምስት ዓይነት ትንሽ ትንሽ ይቀዱላችኋል። በቀን ሦስት ቤት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ምላሳችሁ ምንም አይለይም።

ዋትኪንስ ግሌን ሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ናት። ከተማዋ መሀል ላይ ገደሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ የመንግሥት ፓርክ አለ። 19 ፏፏቴ። በአንዳንዶቹ ጀርባ ታልፋላችሁ። ከ800 በላይ ደረጃ ስላለው ጫማችሁን አስቡበት። በጠዋት ካልሄዳችሁ ሰው ይበዛል።

በመንገዱ ዳር ሁሉ ቢጫ አበባ ፈክቷል። አደይ አለመሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ሰሞኑ መስቀል ነው፤ ባለቤቴ «አቁሚ» ብሎኝ ወርዶ ፎቶ አነሳና ለእናቱ ላከ።

ጋሽ ሾፌር

እህቴ ሜሪላንዷ፣ ጥሩ ጽፈሻል። አንድ ነገር ልጨምር፣ የሙያዬ ነገር ስለሆነ።

ሁለት ሰው ሄዶ ሁለቱም ከቀመሰ መኪናውን ማን ይነዳል? ሰው ሁሉ በደሜ ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 ፐርሰንት ካልደረሰ ችግር የለም ይላል። ኒውዮርክ እንደዚያ አይደለም። ከ0.05 በላይ ከሆነ፣ 0.08 ባይደርስም፣ በሌላ አንቀጽ ያስከስሳል። ቅምሻው ትንሽ ይመስላል። አራት ብልጭታ ግን አንድ ሙሉ ብርጭቆ ሊሆን ይችላል፣ በሦስት ቤት አባዙት። የኡበርና የሊሙዚን ልጆች ደግሞ ልብ በሉ፤ ለኛ ላይሰንስ እንጀራ ነው።

እዚያ ገጠር ውስጥ ኡበር እጠራለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ስልኩም በየኮረብታው ኔትወርክ ያጣል። ቫን ከነሾፌሩ የሚያከራዩ የአካባቢው ድርጅቶች አሉ፤ አራት ሆናችሁ ብትሄዱ ዋጋው አይከብድም። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ ይትፋ። አዎ ይትፋ! በየጠረጴዛው ላይ መትፊያ ዕቃ አለ። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይተፋሉ፣ ነውር አይደለም።

ሜሪላንዷ

ጋሼ ልክ ነዎት፣ መጻፍ ነበረብኝ። እኛ ተራ ገባን። እሱ በሚቀምስበት ቀን እኔ ነዳሁ፣ በማግስቱ ተገላበጥን። መትፋቱን ሞክሬ ነበር። ሰው ፊት መትፋት አልሆነልኝም፤ እናቴ ከኋላዬ የቆመች ነው የሚመስለኝ 😂

ሉዶን አለ

ስድስት ሰዓት ሙሉ ለወይን? ከዲሲ አንድ ሰዓት ነድታችሁ ቨርጂኒያ ሉዶን ካውንቲ ስትገቡ የወይን እርሻ በየአቅጣጫው አለ። ቅዳሜ ሄዳችሁ ማታ ቤታችሁ ትተኛላችሁ። ሆቴል የለ፣ ፏፏቴ የለ፣ 800 ደረጃ የለ።

ሜሪላንዷ

ሉዶንን እናውቀዋለን፣ ቆንጆ ነው። ግን ከሉዶን ማታ ቤት ይገባል ብለሃል አይደል? ችግሩ እሱ ነው። ቤት ስትገባ የልብስ ማጠቢያው ይጠብቅሃል። እኛ የፈለግነው መመለስ የማይቻልበት ርቀት ነበር።

ደግሞ ሐይቁ። ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሳ ጉም ውሃው ላይ ተኝቶ ከላዩ የወይን ረድፍ ብቻ ይታይሃል። ሉዶን ያንን አይሰጥህም።

ሮቸስተር ያለሁት

ለዓመታት እዚህ አካባቢ የምኖር ሰው ነኝ። ስለ ሉዶን ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ የሚወዳደሩ አይደሉም። ቨርጂኒያ ሞቃት ስለሆነ ቀዩ ይሳካላቸዋል። ካቤርኔ ፍራንክና ፔቲ ቬርዶ ጥሩ ይሠራሉ። ሪዝሊንግ ግን ብርድ ይፈልጋል፤ ቀስ ብሎ ሲበስል ነው ኮምጣጣነቱን የሚጠብቀው። እዚህም ካቤርኔ ፍራንክ አለ፣ ቀለል ያለ ነው። ሥጋ ጥብስ ላይ ለሚጠጣ ሰው ትንሽ ሊቀጥንበት ይችላል።

ሐይቁ ያድናል የሚለው እውነት ነው፤ ግን ሁሌም አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2023 ማለዳ የወረደው ውርጭ ቡቃያው ከወጣ በኋላ ነበር የመጣው። በስቴቱ ብዙ እርሻ ተጎድቷል። ከውሃው ራቅ ያሉትና ጎድጓዳ ቦታ ያሉት ክፉኛ ተመቱ። ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፣ ቁልቁል ወርዶ ይጠራቀማል። ስለዚህ ነው ተዳፋቱ ላይ የሚተክሉት፤ ለእይታ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ደግሞ የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ፣ በተለይ እዚህ አገር መጥታችሁ ዲግሪያችሁን መሳቢያ ውስጥ ለቆለፋችሁት። ኮንስታንቲን ፍራንክ የሚባል ሰው ነበር። ከዩክሬን ነው፣ በወይን ተክል ላይ ዶክትሬት ያለው። በ1951 ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ኒውዮርክ ገባ። ዕድሜው ከ50 አልፏል። ብዙ ቋንቋ ያውቃል፣ እንግሊዝኛ ግን አይችልም። ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጠበ። ኋላ እዚህ ጄኔቫ ከተማ ባለው የግብርና ምርምር ጣቢያ ሥራ አገኘ። ሥራው ምን መሰላችሁ? መኮትኮት። የእርሻ የጉልበት ሠራተኛ ነበር።

በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ወይን ዝርያ በዚህ ብርድ አይበቅልም የሚል እምነት ሥር ሰድዶ ነበር። ተክሉ በክረምት ይሞታል ይባላል። እሱ ደግሞ ዩክሬን ውስጥ ከዚህ በባሰ ብርድ ሲያበቅል ኖሯል። ተገቢውን ሥር አግኝታችሁ የአውሮፓውን ዝርያ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ካጣበቃችሁበት ይበቅላል አለ። የሰማው አልነበረም፣ አንድ ፈረንሳዊ እስኪያገኝ ድረስ። ቻርልስ ፉርኒየ ይባላል፣ የሻምፓኝ ባለሙያ፣ እዚሁ ትልቅ ድርጅት ይመራ ነበር። በፈረንሳይኛ ተግባቡና ቀጠረው። ፍራንክ በ1962 ኪዩካ ሐይቅ ላይ የራሱን ቤት ከፈተ። ዛሬም በዘሮቹ እጅ ነው። አሁን የምትጠጡት ሪዝሊንግ ሁሉ የመጣው በዚያ ሰው ግትርነት በተከፈተ በር ነው።

እና ሜሪላንዷ፣ አንድ ሐይቅ ይበቃል ያልሽውን እቀበላለሁ። እኔን ብትጠይቂኝ ግን አንዱ ኪዩካ ነው፤ ሹካ መስሎ በሁለት የተከፈለ፣ ጸጥ ያለ፣ ሰው ያልበዛበት።

ሜሪላንዷ

የሰውየውን ታሪክ ለባለቤቴ አነበብኩለት። አገር ቤት መሐንዲስ ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና «አድራሻውን ላኪልኝ» አለ። በሚቀጥለው ኪዩካ ነን ማለት ነው።

ቡና ብቻ

ይቅርታ፣ እኔ አልኮል አልቀምስም። ባሌ ይቀምሳል። እንደኔ ዓይነቱ ሰው እዚያ ሄዶ ምን ይሠራል? ቁጭ ብዬ ሲጠጣ ላየው አልፈልግም።

ሮቸስተር ያለሁት

እህቴ፣ እንዲያውም ዕድለኛ አንቺ ነሽ። ወይኑን ራሱን ብዪ! በመስከረም ኮንኮርድ የሚባለው ጥቁር ወይን ይደርሳል። ቆዳው በጣት ጫን ሲሉት ይሾልካል፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ከፔን ያን ከተማ ወደ ዳንዲ በሚወስደው ሩት 14ኤ ላይ በየቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ታያለሽ። ሻጭ የለም። የቆርቆሮ ሳጥን አለ፣ ገንዘብሽን ትከቺና ቅርጫትሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። የሜኖናይት ገበሬዎች ናቸው፤ በፈረስ ጋሪ ነው የሚሄዱት። ከኮረብታ ጀርባ ድንገት ጋሪ ሊገጥማችሁ ስለሚችል ቀስ ብላችሁ ንዱ። እዚያው መንገድ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ዊንድሚል የሚባል ትልቅ ገበያ አለ። እሁድ የሜኖናይቶቹ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው።

ካናንዳይጓ ሐይቅ ደቡብ ላይ ኔፕልስ የምትባል ከተማ አለች። ከዚሁ ጥቁር ወይን ፓይ ይጋግራሉ። ሐምራዊ ነው፣ ጥርስ ያቀልማል።

ከወይን ውጪ ደግሞ ኮርኒንግ ላይ የመስታወት ሙዚየሙ አለ፤ ሲነፉት ቆማችሁ ታያላችሁ። ኦበርን ላይ ከባርነት አምልጣ ሌሎችንም ያስመለጠችው ሃሪየት ተብማን የኖረችበትና የተቀበረችበት ቦታ አለ። እኔ እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው ኦበርን ነው።

የመርካቶዋ

የጾም ነገርስ? ረቡዕና ዓርብ ምን ትበላላችሁ? ሁሉ ቦታ አይብ ነው የሚያቀርቡት ይባላል።

ሜሪላንዷ

አይብ አይደለም የምትዪው፣ በየቅምሻ ቤቱ ከአይብ ሌላ ምግብ የለም ማለት ይቀላል። እኛ ዓርብ ዕለት ኢትካ ገብተን በላን። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት። ሙስዉድ የሚባል ከ1973 ጀምሮ ያለ ሥጋ የማያቀርብ ምግብ ቤት አለ። ወተትና ቅቤ ግን ስለሚጠቀሙ የሌለበትን ንገሩኝ ብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ቀኑን ስትመርጡ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ እንዳይገጥማችሁ። ወይን በጾም ይጠጣል አይጠጣም የሚለውን ክርክር እዚህ አትክፈቱብኝ፤ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

የመርካቶዋ

እሺ አልከፍትም 😄 ሌላ ጥያቄ፦ እኔ አክሱሚት ነው የለመድኩት። ደረቁን አፌ አይቀበለውም።

ሜሪላንዷ

እንግዲያው በጠርሙሱ ጀርባ ያለው ምልክት ወደ ጣፋጩ የተጠጋውን ያዢ። ጉደር የሚወድ ሰው ደግሞ ካቤርኔ ፍራንኩን ይያዝ። አይስ ወይን የሚባልም አለ። ፍሬውን ተክሉ ላይ ትተውት በረዶ ሲይዘው ይለቅሙታል፣ ውሃው በረዶ ሆኖ ሲቀር ስኳሩ ብቻ ይጨመቃል። ጠርሙሱ ትንሽ፣ ዋጋው ትልቅ። ከቅምሻ አይዘልም፤ ማር ነው።

የባቱ መንገድ

ከአዲስ አበባ ነኝ። እያነበብኩ ቀናሁ፤ ግን እኛም አለን እኮ! ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የምንላት። ከአዲስ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሞጆ አድርጎ። የፈረንሳዩ የመጠጥ ድርጅት ካስቴል እዚያ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች አወጣ፤ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉት። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ። እርሻውን ለማየት የምትፈልጉ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ያ የሐይቁ ሙቀት ነገር ግን እኛ ጋ አይሠራም። ዝዋይ ሐይቅ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ነው። እኛን የሚያበርደን ከፍታው ነው፤ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነን። ውርጭ ደግሞ ዋና ጭንቀት አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው፦ እንደናንተ ያለ ብርዳማ ክረምት ስለሌለ ተክሉ አይተኛም። በመቀስ ገርዘው፣ ውሃውን ቆጥበው እነሱ ናቸው የሚያስተኙት። ሌባው ደግሞ ወፍና ጉማሬ ነው።

ምሳ ላይ ግን እናሸንፋችኋለን። ሐይቁ ዳር ትኩስ አሳ ጥብስ አለ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገባችሁ ቆመው አጥንቱን ይጠብቃሉ። አንዱ ቁመቱ እስከ ደረቴ ነው፤ ሳህኔን ሲያይ የነበረው አስተያየት አሁንም ያስፈራኛል።

ጋሽ ሾፌር

አባ ኮዳ! ወይ ጉድ፣ ስንት ዘመኔ! እኔ ደግሞ በድሮው ጊዜ ዝዋይ ላይ በጀልባ ቱሉ ጉዶ ደሴት ሄጄ ደብረ ጽዮንን ተሳልሜ ነበር። ሰው ጥንድ ሆኖ ለሽርሽር ሲሄድ ደሴቶቹን አይርሳ።

ትንሿ

ጥያቄ አለኝ። እናቴ ከአዲስ በጥቅምት ትመጣለች። ጉልበቷን ያማታል። ዋትኪንስ ግሌን 800 ደረጃ ካለው አይሆንላትም። እኔና ባሌ ይዘናት ብንሄድ ሌላ ምን እናሳያት?

ሮቸስተር ያለሁት

ካዩጋ ሐይቅ፣ ሩት 89 ላይ፣ ታውገኖክ ፏፏቴ። 65 ሜትር ነው፣ ከኒያጋራ በ10 ሜትር ይበልጣል። ሁለት መንገድ አላችሁ። ከታች በኩል ሜዳ በሜዳ የሆነ ጥርጊያ አለ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው። እሱም ከከበዳት ከላይ በኩል በመኪና ወጥታችሁ ከማቆሚያው ጥቂት እርምጃ ላይ መመልከቻ አለ። ሁሉንም ከዚያ ታያለች። ዝናብ ከዘነበ በማግስቱ ሂዱ፤ በደረቅ ጊዜ ውሃው ይሳሳል።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቅጠሉ የሚቀላበት ጊዜ ስለሆነ ማደሪያ ይወደዳል፣ ቶሎ ያዙ። ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ከአዲስ ይዛ የመጣችው ጋቢ ሻንጣ ውስጥ እንዳይቀር።